እዚህ ላይ አቁመው

ሥራህ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣
መሐል ሜዳ ገበያ ስልክ እጠግናለሁ፤
የተሰነጠቀ መስታወት ነቅዬ፣ ያበጠ ባትሪ እቀይራለሁ።
ሱስህስ ካላችሁኝ፣
ሰማይ ሲከብደው ሱቄን እዘጋለሁ።

«ማን ሞተ?» ይለኛል ሚስማር ሻጩ ጎረቤቴ፣
ቁልፉ ከእጄ ሲወድቅ፣ ሲጣደፍ አንጀቴ።
ምን ብዬ ልንገረው? ከጓሳ ማዶ ደመና
ኩፍ ሲል እንደ ሊጥ ማየቴ
ለቅሶ ነው? ሠርግ ነው? እኔም አልለየሁትም፣ በእናቴ።

ምንውዬለት አለ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባ የሚነፋ፣
ሰማይ ሲጠራበት ፊቱ የሚከፋ።
ነዳጁ ከእኔ ነው፣ መንገዱ ከእሱ፤
ጉንፋኑ የጋራችን።
ዕቃችን ሁለት ስልክ፣ የተጠቀለለ በፌስታል፣
ማሰሪያ ላስቲክ፣ የመቃ ዱላ፣ ኪስ ሙሉ ቆሎ፤ ይበቃል።

እናቴ «መብረቅ ቀይ ይወዳል» ብላ ቀይ ሹራቤን ደበቀች፤
«አትሂድ» ግን አላለችም፤ ግራጫ ገዝታ ሰጠች።

ሦስት ክረምት ፈጀሁ አንዲት ብልጭታ ለመያዝ፤
ጣቴ ሲጫን ጨለማ፣ ጣቴ ሲነሳ መብራት፣
ሰማይ የሚያሾፍብኝ እስኪመስለኝ ሌሊት ሌሊት።
በአራተኛው፣ ጣርማበር አፋፍ ላይ፣ ቆላው ከእግራችን ሥር ተኝቶ፣
እንደ ዋርካ ሥር ተዘርግታ፣ ነጭ፣ ባለ ብዙ ጣት፣ መጣች።
ምንውዬለት አለቀሰ።
«ዝናብ ነው» አልኩለት።

መምህር የለንም፤ እየራስን ተማርን፦
ከጅሁር የሚመጣው ብዙ አውርቶ ያካፋል፤
ከአፋር በኩል የሚወጣው ግን ዝም ብሎ ይጠቁራል፣ ዝም ብሎ ይቆማል።
ዝምተኛውን ፍራ።
ብልጭ ሲል ቁጠር፤ አሥር ካልክ ቅረጽ፣ ሦስት ካልክ ሩጥ፣
አንድ ሳትል ከጮኸ፣ ቆጠራውን ተወው፤ ስልኩን ጥለህ ቁጢጥ።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል።
ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው የተቀደሰውን ዝናብ ደጅ ሲጠብቁ፣
እኛ ከጓሳ ጠርዝ ቆመን ዝምተኛው ሲመጣ አየን፤
አናቱ ነጭ ካብ፣
ሆዱ አረንጓዴ፣ እንደ ዛገ መዳብ።
ከሥሩ አንድ ማሳ ገብስ፣ እሸቱ ገና ወተት።
አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቀረጽን።
መጀመሪያ አተር የሚያህል፣ ከዚያ ባቄላ፣ ከዚያ የርግብ እንቁላል፤
ሰማይ ከምድር የተበደረውን ዘር በነጭ የሚመልስ ይመስላል።
ውስጡ የኔ ድምፅ አለ፤ «እሰይ! እሰይ! ጨምር!» ይላል።

በሳምንቱ እትዬ ዘርትሁን ሱቄ መጣች፣
ጫማዋን ከደፉ ላይ ጠረገች።
«አንተ ነህ አሉ በረዶውን የቀረጽክ።
ቀበሌ ማስረጃ አምጪ ይለኛል።
በረዶው እኮ ቀልጧል፤ ምን ይዤ ልሂድ?»

ስልኩን ሳልሰጣት ድምፁን ዘጋሁት።
አየች። ረጅም ጊዜ አየች።
«ድምፅ የለውም እንዴ?»
«የለውም» አልኩ።
ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ስልክ የሚደነቁርበትን ምክንያት ሁሉ አውቃለሁ፣
አንዱንም መጥራት አቃተኝ።
«ይኖረዋል እንጂ! ቆርቆሮዬን ሲወግረው እቤት ሆኜ ሰምቼው?
ክፈተው።»

ከፈትኩት።
«እሰይ! እሰይ! ጨምር!» አለ አንድ ሰው ከእጇ ውስጥ።
ሚስማር ሻጩ ዞር አለ።
ጆሮዬ ጋለ፤ የምቆጥረው አጣሁ።

እሷ ግን ቀና ብላም አላየችኝ።
«መልሰው» አለች፣ «ወደ መጀመሪያው።»
መለስኩት።
ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጠብታ ግን ገና የለም።
ንፋስ ገብሱን ወዲያ ያስተኛዋል፣
ወዲህ ያነሳዋል።
«እዚህ ላይ» አለችኝ። «እዚህ ላይ አቁመው።»

ውጭ የምንውዬለት ጥሩምባ ሁለቴ ጮኸ።
ስልኩ ሊጠፋ ደብዘዝ ሲል፣
በአውራ ጣቴ ነካ አደረግኩት፤
አይታ አልጨረሰችም።